ፒኑን ማን ነካው?

አውቶቡሳችን ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆመ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪኩን ከወንበር ሥር እየጎተቱ ሲነታረኩ፣ እኛ ተሳፋሪዎች ወርደን የአንዲት ዛፍ ጥላ ተሻማን። ከፊታችን፣ ሁለት መቶ እርምጃ በሚያህል ርቀት፣ አንድ አዲስ ቀይ ትራክተር የጠጠሩን መንገድ እየፋቀ ይመጣል። ከኋላው የተገጠመው ሰፊ የብረት ምላጭ፣ ሠራተኞቹ ብሌድ የሚሉት፣ ወደ ዳር የተበተነውን ጠጠር እየሰበሰበ ወደ መሃል ይመልሳል።

ትራክተሩ በድንገት ቆመ። አንድ ሰው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሸራ ዘርግቶ በቆሎ አስጥቶ ኖሯል። ባለቤቱ በአካባቢው አይታይም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ግራ ቀኙን አየ።

"ይኸው!" አለ ከጎኔ የቆመ ጫማ ጠጋኝ። "ግራ ቀኙን ቃኘ። አሁን ኪሱን ይሞላል።"

"ምን ኪሱን፣ ጆንያውን በል እንጂ!" አለች አንዲት ነጋዴ። "የመንግሥት ትራክተር ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ይጠይቀዋል?"

እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ሰውዬው ግን የሸራውን ጫፎች ሰብስቦ በቀስታ ወደ ሣሩ ጎተተው። ትራክተሩ ላይ ወጥቶ ያን ቦታ ፋቀና አለፈ፣ ቆመ፣ በእግሩ ተመልሶም ሸራውን ከነበረበት ዘረጋው። በቆሎውን በመዳፉ እኩል አደላድሎ፣ ጠጠሩ ላይ የወደቀውን ፍሬ እያጎነበሰ ለቀመና ወደ ሸራው ጣለው። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ጫማ ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ... የራሱ በቆሎ ይሆናል።"

"አንተ ሰውዬ፣ መልአክ ቢወርድልህ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ!" አለችው ነጋዴዋ፣ ቅድም ጆንያ ያለችው እሷ እንዳልሆነች ሁሉ።

የተከራየሁት ክፍል ከመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ በስተጀርባ ነው። የዚያን ትራክተር ድምፅ ለሁለት ወር ጠዋት ጠዋት ስሰማው ኖሬ ሾፌሩን አላውቀውም ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ሻይ ቤት ውስጥ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩና "ትናንት ያን በቆሎ ስታነሳ አይቼህ ደስ ብሎኝ ነበር" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "የት ሆነህ አየኸኝ?"

"ጎማው የፈነዳበት አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

"አንድ ፍሬ ጎደለ የሚል ሰው አለ?"

የለም፣ ማንም ምንም አላለም ብዬ ማልኩለት። እንደዚህ ነው የተዋወቅነው። የሥራ ባልደረቦቹ ለምን "መርማሪው" እንደሚሉትም ያኔውኑ ገባኝ። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እጠራዋለሁ፤ እሱም ስሙ እንዳይጻፍ አጥብቆ ነግሮኛል።

መርማሪው ሰውን መጠርጠር የጀመረው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትርፍ ጎማው ከመኪናው ሥር ጠፋ። ሾፌሩ ወደ እሱ ጠቆመ፤ ባለቤቱም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ አባረረው። "ያን ቀን ጎማውን ቆጥሬ ብተኛ ኖሮ መቼ እንደጠፋ እናገር ነበር" ይላል። ከዚያ ወዲህ የሚቆጠር ነገር አይቶ አያልፍም። ትራክተሩን ከማስነሳቱ በፊት የጎማዎቹን ብሎኖች አንድ በአንድ በጣቱ ይነካል። የነዳጁን ልክ በጠመኔ ያሰምርበታል። ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ሲተው እንኳ ጫፉ ወዴት እንደዞረ ያስተውላል።

ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ያነሱት የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ናቸው። ካቦው ይሏቸዋል። እሳቸውን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ጸሎት ቤት ውስጥ በአንድ አግዳሚ ነው የምንቀመጠው። ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፉን እኔ ዝቅ ባለ ድምፅ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከእኔ ቀድመው በቃላቸው ይጨርሱታል። ካቦው አሥራ ሁለት ሰዎች ይዘው በአካፋና በዶማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ሲጠብቁ ኖረዋል። መርማሪውን አሥራ ሦስተኛ አደረጉት። ቦይ እንዴት እንደሚቆፈር፣ ቱቦ ሲደፈን ከየትኛው ጫፍ እንደሚጠረግ አስተማሩት። ቆይቶም ልጃቸውን ዳሩለት። የመንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የገፋፉትም እሳቸው ነበሩ።

ትራክተሩ ሲመጣ ግን ነገር ተለወጠ። ማሽኑ በአንድ ጠዋት የሚፍቀውን አሥራ ሦስቱ ሰዎች በሳምንት አይጨርሱትም። ስምንቱ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ካቦውና የቀሩት አራቱ ቱቦ ጠረጋ ላይ ተመደቡ። አማቹ ወንበር ላይ፣ አማቱ ቦይ ውስጥ።

"አላኮረፉም?" ብዬ ጠየቅኩት፣ ከተዋወቅን ከሳምንታት በኋላ እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጠን።

"አላኮረፉም። እሱ ነው ያስጠረጠረኝ" አለኝ መርማሪው። "እኔ ብሆን አኮርፍ ነበር።"

በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱን እንደ ጠረጴዛ ለጥ አደረገው። ሰዉም ወደደለት። "ኳስ ሜዳ አደረግከው!" እያሉ ባለሱቆቹ ከየደጃቸው እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያ አንድ ከባድ ዝናብ ጣለ። ውኃው የሚሄድበት አጥቶ መሃል መንገዱ ላይ ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳው የኩሬ ሰልፍ ሆነ። ካቦው ከቦያቸው ወጥተው ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ መንገድ አልጋ አይደለም" አሉት። "ውኃ እንዲተኛበት አታንጥፍለት። መሃሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አድርገው።"

እንዳሉት አደረገ። ጠጠሩን ከሁለቱም ዳር እየሰበሰበ መሃሉን አሳበጠው። አሁን ደግሞ ሰዉ ጠረጠረ። ያው ባለሱቅ፣ ባለፈው እጁን ያውለበለበው፣ "ሜዳውን የግመል ጀርባ አደረገብን፤ ሥራው እንዳያልቅበት ነው" አለ። ሌላው ደግሞ ውኃውን ወደ ደጃችን የሚነዳው ሆን ብሎ ነው አለ። መርማሪው እነሱን ልብ አላላቸውም። እሱ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሌዱ በአንድ ክብ ብረት ላይ ይዞራል። ክቡ ብረት ቀዳዳዎች አሉት፤ ጣት የሚያህለውን ፒን ከአንዱ ቀዳዳ አውጥተው ሌላው ውስጥ ሲሰኩት ብሌዱ ይንጋደዳል። ተንጋዶ ሲጎተት ጠጠሩን ወደ አንድ ወገን ይነዳል። ቀጥ ብሎ ከተጎተተ ግን ፊቱ ያገኘውን እየገፋ በሁለቱም ጫፍ ያፈሰዋል። መሃሉን ለማሳበጥ ፒኑ ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ መሆን አለበት። መርማሪው ማታ ሦስተኛው ውስጥ ትቶት ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ብሎኖቹን ቆጠረና ተነሳ። ፒኑን አላየውም፤ በራሱ እጅ ያስቀመጠው ነገር ነዋ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ዞር ሲል፣ ትናንት የሰበሰበው ጠጠር ግራና ቀኝ ፈስሷል። ፒኑ መካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ ነበር፤ ብሌዱም እንደ ገበታ ቀጥ ብሏል።

"ረስቼው ይሆን አልኩ" አለኝ። "በማግስቱ ግን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ምልክቱ ሦስተኛው ላይ፣ ፒኑ መካከለኛው ውስጥ። ደግሞ ግራሶ ተቀብቷል! ሌባ ግራሶ ይቀባል?"

በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። መርማሪው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ በልቡ ዝርዝር አወጣ። ማታ ከእሱ በኋላ ወደ ግቢው የሚገባ ማነው? አካፋ የሚመልስ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ማነው? ካቦው። ማሽኑ ቢበላሽ ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለስ ማነው? ካቦው። ማኩረፍ ሲገባው ያላኮረፈ ማነው?

ይህን ሲነግረኝ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፍ ነበር፤ አራተኛው ጣት ላይ ሲደርስ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተው።

በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሠራተኞቹ ቧንቧው አጠገብ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ በሁሉም ፊት ጠየቃቸው።

"አባባ፣ ማታ ማታ ፒኑን የሚነካው ማነው?"

"የምን ፒን?"

"የብሌዱን። ከእኔ በኋላ በጋራዡ አጠገብ የሚያልፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ካቦው እጃቸውን አራግፈው ቀና አሉ። "ምን ልትል ነው?"

"ማሽኑ እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው አለ ልል ነው።"

ከሠራተኞቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ካቦው ከአንገታቸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከነክሩ አውልቀው ትራክተሩ ወንበር ላይ አኖሩት።

"ከዛሬ ጀምሮ አካፋዬን ቤቴ ይዤው አድራለሁ" አሉት። "እዚህ ግቢ እግሬ አይረግጥም። ፒንህ በሰላም ይደር።"

ከዚያን ቀን በኋላ ወደ ልጃቸው ቤትም አልመጡም። ሁለት ክፍሏ ቤት ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ወንበር የእሳቸው ነው፤ ባዶውን ቀረ። ሚስቱ ራት አቅርባ ፊቷን አዞረች።

"አባቴ ከዶማ ጀምሮ መንገድ አስተማረህ፤ አንተ ደግሞ በሰው ፊት ሰረቀኝ አልከው" አለችው።

"ሰረቀኝ አላልኩም። ነካ ነው ያልኩት።"

"ኧረ? እስቲ ሂድና ልዩነቱን ለእማዬ አስረዳት!"

"አንቺ ደግሞ... ካልነኩ ለምን አልነካሁም አላሉም?"

"የጠየቅከው መቼ ነው? ፈርደህ አይደል የመጣኸው?"

ይህን አባባሏን ሲነግረኝ ድምፁን አሳነሰ። የጭነት መኪናው ባለቤትም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ነበር ያባረረው። ሚስቱ ያን ታሪክ ስለምታውቅ ሆን ብላ ያለችው ይመስለኛል፤ እሱም ይህንኑ ጠርጥሯል።

ካቦው ግቢውን በረገጡ በማግስቱ ጠዋት፣ ማለቴ መርገጥ በተዉ በማግስቱ፣ መርማሪው ወደ ጋራዡ ሮጠ። ፒኑ አሁንም መካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተፀፅቶ ይቆም ነበር። እሱ ግን "ሰው አስገብተዋል" አለ። "ሥራውን ለሌላ እጅ ሰጥተውታል!"

"ይህን በእውነት አሰብክ?" አልኩት።

"አሰብኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ። የማንን እጅ ብቻ ነበር የማላውቀው።"

በመጨረሻ ራሱ ሊጠብቅ ወሰነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ተሰናብቶ ወጣ፤ በኋላ አጥር ዞሮ ተመለሰና ከጠጠር ክምሩ ጀርባ ተቀመጠ። ከእኔ መስኮት ሥር ማለት ነው፤ እኔ ግን አላየሁትም። ትንሽ ቆይቶ በዝርዝሩ ውስጥ ያላሰባቸው የማታው ዘበኛ ገቡ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ፔርሙሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው የጋራዡን የብረት በር ሊዘጉ ገፉት። በሩ ጓ ብሎ ቆመ። ዘበኛው ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ።

"አንተ ደግሞ ክርንህን ሰብስብ!" አሉት ብሌዱን።

ጋራዡ ለድሮዋ አጭር መኪና የተሠራ ነው። ትራክተሩ በፊቱ ሲገባ ብሌዱ በር ላይ ይቀራል። ቀጥ ካለ በሩ ይዘጋል፤ ሲንጋደድ ግን አንዱ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣና በሩን ይይዘዋል። ዘበኛው ፒኑን ነቀሉ፣ ብሌዱን በብረት ዘንግ እየገፉ አቀኑት፣ ፒኑን በጨርቅ ጠርገው ግራሶ ቀቡትና መካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። በሩ ተዘጋ።

መርማሪው ከጠጠሩ ጀርባ ብድግ አለ።

"የፈጣሪ ያለህ!" ዘበኛው ዘንጉን አነሱ። "ማነህ? አንተ ነህ እንዴ? በዚህ ራስህ ላይ ላሳርፈው ነበር እኮ!"

"ምን እያደረጉ ነው?"

"በር እየዘጋሁ! ዘበኛ ሌላ ምን ያደርጋል? ክፍት ካደረ ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ? እኔ ስመጣ አንተ ሄደሃል፤ አንተ ስትመጣ እኔ ሄጃለሁ። ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ ነው። የብሎን ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው ፒኑ መዞሩን አያይም ብዬ ላስብ?"

መርማሪው ጠጠሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። "ከካቦው ጋር መጣላታችንን አልሰሙም?"

"በአካፋ ተደባደቡ ተባልኩ። ግን አላመንኩም። የተጣላ ሰው እንደዚያ አይሟገትልህም።"

"ማን? ለማን?"

"ካቦው ነዋ፣ ላንተ! አልነገሩህም?"

ዘበኛው እንደነገሩት፣ ከጠቡ በኋላ፣ መርማሪው ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ከተማ በሄደበት ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ኢንጂነር መንገዱን ሊያይ መጥቶ ነበር። ባለሱቆቹ ከበቡት። መንገዳችንን አበላሸው፣ ጉብታ አደረገብን፣ ይነሳልን አሉ። ኢንጂነሩም ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ካቦው ከቦዩ ውስጥ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው፣ ወጥተው መጡ። አንድ ጀሪካን ውኃ ከባለሱቁ ለምነው መሃል መንገዱ ላይ አፈሰሱት። ውኃው ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ወደ ቦዩ ሮጠ። "በሉ፣ ኩሬው የታለ?" አሉ። 

"ከዚያ ኢንጂነሩ ጠጠር የፈሰሰበትን ግማሽ ኪሎ ሜትር አሳያቸው" አሉ ዘበኛው። "ይህስ ምንድነው አላቸው። 'እሱ የልጁ ጥፋት አይደለም' አሉት። 'ማታ ማሽኑን ሰው እየነካበት ነው። ልጁ ነግሮኛል፤ የነገረኝም እውነቱን ነው።'"

ይህን ሲያወራልኝ መርማሪው ብርጭቆውን ያዞር ነበር።  ያን ሽማግሌ በአግዳሚያችን ላይ ስንት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጤን ግን ያን ዕለት ነው በደንብ ያወቅኩት፤ ስለዚያም አመሰገንኩ። የተከሰሱት ሰው፣ ከሳሻቸውን አምነው መሰከሩለት።

"ሄጄ ነበር" አለኝ። "ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። 'አባባ፣ እኔ ነኝ' ስል አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ በመስኮት ብቅ አሉና 'ተኝተዋል' አሉኝ። ገና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት! ሳላቸው እኮ ይሰማኛል።"

"ሚስትህስ?"

"'የፈረድከው አንተ ነህ፤ በራስህ እግር ሂድ' አለችኝ። እውነቷን ነው።" ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ አሳላፊዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ። "እርስዎን ይወዱዎታል። አንባቢዬ ነው ይላሉ።" እስከዚያ አንተ ሲለኝ ነበር።

"ይቅርታ ጠይቅልኝ እንዳትለኝ" አልኩት።

"እሱን አልልም። ይቅርታውን የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ በሠራተኞቹ ፊትም እደግመዋለሁ። ዘበኛውንም ይዤ ልመጣ ነበር፣ እንዲመሰክሩልኝ። ግን ለሳቸው ምስክር ይዞ መሄድ ራሱ ያሳፍራል።" ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ጥፍሮቹ ሥር ግራሶ አለ። "ጋሼ፣ ዛሬ ከሥራ በኋላ አብረን እንሂድ። እርስዎ ከፊት ይሁኑና ያንኳኩልኝ። ማነው ሲሉ እርስዎ ይመልሱ፤ የኔን ድምፅ ከሰሙ አይከፍቱም። ሌላ ምንም አይናገሩልኝ። በሩን ብቻ ያስከፍቱልኝ።"